የብትን ሰልፍ ሕግ

ባየልኝ መተማ ዮሐንስ ውስጥ የአንድ ሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ከተቀጠረ ስድስት ዓመት አልፎታል። ከዚያ በፊት አብደራፊ ትራክተር ይነዳ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ማሽላ ቆራጭ፤ ከሁሉም በፊት ወታደር፣ አስር አለቃ። ወገቡን ትራክተሩ በላው፣ የተረፈውን ሙቀቱ እየጨረሰው ነው። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው ሲመጣ "መቀመጥ" ይላል፤ ዋሸህ የሚለው የለም። ጠዋት ከመጋዘኑ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ገመዱ በረገበ አልጋ ላይ ይቀመጣል። ጥላው ሲዞር አልጋውን ጎትቶ አብሮ ይዞራል። ሚስቱ ፍቅርአዲስ ምሳውን ይዛ ስትመጣ አልጋው ያለበትን ቦታ አይታ ስንት ሰዓት እንደሆነ ታውቃለች።

በ2015 ዓመተ ምሕረት ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ፤ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት በኩል በእግሩ የሚሻገረው ሰው ማለቂያ አጣ። ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ ድመት ያቀፈ አለ፣ ነጭ ጀለቢያው አፈር መስሎ ባዶ እጁን የሚያወዛውዝ አለ። ባየልኝ ከአልጋው ሆኖ ያያቸዋል። እሱም በወጣትነቱ ያንኑ መንገድ በግልባጩ ሄዶበታል፤ ያን ጊዜ የሚያየው ሰው ነበር አልነበረም፣ አያስታውስም።

ከመጡት መካከል አብዱረሕማን ነበረበት። አብዱረሕማን እዚያው መተማ ተወልዶ ያደገ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ካርቱም ውስጥ በአንድ የሕንፃ ሥራ ቢሮ ንድፍ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። የተመለሰው ወደ እህቱ ወደ ሙባረካ ነው፤ ሙባረካ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት የሸቀጥ ሱቅ አላት። በእጁ የያዘው አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ብቻ ነበር። ሙባረካ ወርቅ መስሏት ደጁን ዘግታ ከፈተችው። ውስጡ የአውራ ጣት ቁመት ያላቸው፣ ጠመንጃ ያነገቱ፣ የተንበረከኩ፣ የሚሮጡ፣ አንድ በአንድ ቀለም የተቀቡ ወታደሮች በጥጥ ተጠቅልለው ተኝተዋል።

"ሰው ቤቱ ሲነድ ልብሱን ያወጣል፣ የኔ ወንድም አሻንጉሊት ይዞ ወጣ" አለችው ለባየልኝ፣ ከሱቋ ወደ መጋዘኑ ውኃ ልትቀዳ መጥታ። "ጋሼ ባየልኝ፣ እርስዎ ያነጋግሩልኝ እንጂ። ጭንቅላቱን ነክቶት እንደሁ።"

ጭንቅላቱን አልነካውም። ነገሩን በኋላ አብዱረሕማን ራሱ ለባየልኝ ነገረው። ታጣቂዎች ቤቱ ገብተው ስልኩን፣ የሚስቱን ጌጥ፣ ፍራሹን ሳይቀር ወሰዱ። ሣጥኑን ከፍተው አዩና ሳቁ፤ ሳቁና መለሱለት። "ካለኝ ነገር ሁሉ የተረፈኝ እሱ ስለሆነ ይዤው መጣሁ። የሚጣል ቢሆን መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ እጥለው ነበር፣ ከባድ ነው።" ሚስቱ ከእናቷ ጋር ወደ ግብፅ ስለሄደች በስልክ ብቻ ይገናኛሉ።

አብዱረሕማን ሥራ አልነበረውም። መንገዱም በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ስለሚዘጋ ሙባረካም ገበያ አልነበራት። ከሱቁ ጎን ባለው ራኩባ ሥር፣ በሸምበቆው ጥላ፣ ሁለት የለስላሳ ሣጥን አቁሞ አሮጌ በር አጋደመበትና ጆንያ አለበሰው። ከጆንያው ሥር ድንጋይ እየሸጎጠ ኮረብታ አበጀ፤ ሰማያዊ ፌስታል በረጅሙ ቀዶ ወንዝ አደረገው። ከዚያ ወታደሮቹን አቆመ። ያለ ተጋጣሚ ለብቻው፣ አንድ ጊዜ ከዚህ፣ አንድ ጊዜ ከዚያ ማዶ እየዞረ ይጫወት ጀመር።

ባየልኝ ሦስት ቀን ከአልጋው አየው። በአራተኛው ቀን መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። ያሻገረው ጉጉት አልነበረም፤ ያየው ነገር አላስችል ብሎት ነው።

"አብዱ፣ ምነው እንዲህ አጣበቅካቸው?" አለ። "ይኸው አንድ ሞርታር ቢወድቅ አስሩንም ጠርጎ ይወስዳቸዋል።"

አብዱረሕማን ቀና አለ። የሚያናግረው ሰው በማግኘቱ ፊቱ ላይ ብርሃን መጣ። "ሕጉ ነው፣ አስር አለቃ። አንዱ ወታደር ከሌላው ከሁለት ጣት በላይ መራቅ አይችልም። ከራቀ ጓዱ ተቆረጠ ይባላል።"

"ማነው ያወጣው ሕግ?"

"ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ናቸዋ።"

"ተዋግተው ያውቃሉ?"

"እኔ እንጃ። ጠረጴዛ ላይ ይመስለኛል።"

ባየልኝ ሳቀ። ሲስቅ ወገቡን ስለሚያመው አጭር ነው ሳቁ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ አልጋው መጋዘኑ በር ላይ ባዶውን ይውላል፣ እሱ ከራኩባው ሥር ሆኖ በሩን በዓይኑ ይጠብቃል።

የጨዋታው መጽሐፍ ካርቱም ቀርቷል። አብዱረሕማን ሕጉን በቃሉ ይዞ በአንድ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ግማሹን በዓረብኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ጽፎታል። አንድ ጓድ አስር ወይም አስራ አንድ ወታደር ነው። በተራው አንድ ስንዝር ይራመዳል፤ ከሮጠ ሁለት ስንዝር፣ ነገር ግን ከሮጠ አይተኩስም። ሲተኩስም ሆነ ሲተኮስበት ባለስድስት ጎኗን፣ ነጥብ የተነጠበባትን ጠጠር ይጥላሉ፤ አብዱረሕማን በሱዳን አፍ ዘህር ይላታል። በረድፍ የቆመ ጓድ ብዙ ጠመንጃ ወደ ፊት ያገኛል። በነጠላ ሰልፍ የሚሄድ ደግሞ በጠባብ መንገድ ይፈጥናል፣ ግን ከጎን ከተመታ ወዮለት። ረድፍ ለማዞር ግማሽ ተራ ይቃጠላል። ይህን ሁሉ ባየልኝ በሁለት ቀን ገባው፤ አብዛኛው ድሮ ጦላይ ማሠልጠኛ ከተማረው ጋር ብዙ አይራራቅም። እንቢ ያለው ሁለት ጣቷን ብቻ ነው።

እጁ አይታዘዝለትም። ወታደሮቹን ሊያንቀሳቅስ ሲጀምር ሳያስበው ይበትናቸዋል፤ አንዱን ከድንጋዩ ጀርባ፣ አንዱን ከወንዙ ዳር። ሲጨርስ አብዱረሕማን ሁለት ጣቱን በየመካከላቸው እያስገባ ይለካል። "ተቆርጧል። ይሄም ተቆርጧል። አስር አለቃ፣ የተቆረጠ ጓድ አይተኩስም፣ ተራውን በመሰብሰብ ነው የሚጨርሰው።" ባየልኝ ሲሰበስብ አብዱረሕማን ይተኩሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ባየልኝ ሰኔን በሙሉ ተሸነፈ። ዝናቡ መጥቶ ጥቁሩ አፈር ጫማ የሚይዝ ጭቃ ሲሆን፣ መኪና ሲቆም፣ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ አይጥ ሲሯሯጥበት፣ እሱ ይሸነፋል። አላስከፋውም። ሙባረካ ቀዩን የከርከዴ መጠጥ ቀድታ እያቀረበች "ዛሬስ ማን ሞተ?" ትላለች።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

በዚያ ቀን የባየልኝ ጓድ ኮረብታውን ወርዶ ወደ ወንዙ ይሸሽ ነበር። አስሩ ተያይዘው ሄደዋል፣ አንዱ ግን ከኋላ፣ ከድንጋዩ ሥር ቀርቷል። አብዱረሕማን ለካ። ደብተሩን ገለጠ። "ይቅርታ፣ አንድ ያልነገርኩህ ሕግ አለ። ሁለት ተራ ሙሉ ከጓዱ ተቆርጦ የቀረ ወታደር ይነሳል" አለና በሁለት ጣቱ ያችን የተንበረከከች ወታደር አንስቶ ሣጥኑ ውስጥ አስተኛት።

"ምን ሆነ?" አለ ባየልኝ።

"ተነሳ።"

"ማን መታው?"

"ማንም አልመታውም። ራቀ፣ በቃ።"

"አልተመታም እኮ! ማን አየው ሲወድቅ? ባልተመታ ሰው እንዴት ሞተ ትላለህ?"

"ሞተ አላልኩም፣ አስር አለቃ። ከጨዋታ ወጣ ነው ያልኩት።"

"መልሰው።"

"ሕጉ..."

"መልሰው አልኩህ!"

ሙባረካ ከሱቁ ብቅ አለች። አብዱረሕማን ሣጥኑን ይዞ ቀረ። ባየልኝ ከበርጩማው ሲነሳ ወገቡ ያዘው፤ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቀና ሲል የተጋደመው በር አዘነበለና ሁለቱም ጦር በጭቃው ላይ ፈሰሰ። አላነሳም። ዝናቡ እየመታው ወደ መጋዘኑ ተሻገረ።

ሦስት ሳምንት መንገዱን አልተሻገረም። ፍቅርአዲስ ምሳ ይዛ ስትመጣ አልጋውም ሰውየውም ቦታቸው ላይ ናቸው። "ከአብዱ ጋር ምን ሆናችሁ?" አለችው። "ምንም። ደከመኝ" አላት። ፍቅርአዲስ ሃያ ስምንት ዓመት ከሱ ጋር ኖራለች። "ደከመኝ" የሚለው ቃል ከስንት ዓይነት ድካም እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ይሄኛው ከወገብ የመጣ እንዳልሆነ ገባት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብዱረሕማን ራሱ ተሻግሮ መጣ። ይቅርታ አላለም፣ ለምን ተቆጣህም አላለም። ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠና ባዶውን መንገድ አብሮት አየ። ወሬውን ባየልኝ ራሱ ጀመረው።

"ግንቦት ሰማንያ ሦስት ነው" አለ። "የጓድ መሪ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከእኔ ጋር አስራ አንድ ነን። በላይ ያለው ሁሉ ፈርሷል፣ አዛዥ የለም፣ ሬዲዮ የለም። ወደ ሱዳን ነው የምንሄደው። ጓንግ ወንዝ ሊደረስ ጥቂት ሲቀረን፣ ሜዳ ላይ፣ ከጉብታ ተኮሱብን። እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም። ተበተኑ! አልኩ። የተማርኩት እሱን ነው፤ አትጣበቁ፣ ተበተኑ። ወንዙ ዳር ትልቅ ሾላ ይታያል፤ እዚያ እንገናኝ አልኩ። ሁሉም ሰምቷል።"

"ከዚያስ?"

"አራት መጡ። እስከ ማግስቱ ቀትር ጠበቅኩ። ስድስቱ ቀሩ። አልመጡም፣ ሬሳቸውንም አላየሁም። ተመልሼም አልፈለግኩ። ተሻገርን።" እጁን በጉልበቱ ላይ አገላበጠ። "ከስድስቱ አንዱ አዱኛ ነው የሚባል፣ የሳንጃ ልጅ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ። ያሳደገችው እህቱ አሰበች ትባላለች፤ ስለሷ ሳያወራ አይተኛም ነበር። ትራክተር ስነዳ አብደራፊ የምሄደው በሳንጃ ነው። ሰባት ክረምት ከተማዋን አልፌአታለሁ። አልወረድኩም።"

ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ለፍቅርአዲስ እንኳ። አብዱረሕማን "አላህ ያጽናህ" አላለም፣ "ያንተ ጥፋት አይደለም"ም አላለም። ለዚህ ባየልኝ በልቡ አመሰገነው። ጥላው እስኪዞር ተቀምጦ፣ ተነስቶ አልጋውን አብሮት ጎተተና ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ደብተሩን ይዞ መጣ። "መጽሐፉ ላይ ብትን ሰልፍ የሚባል ነገር ነበር መሰለኝ፣ ግን አላስታውሰውም። ከኔ አንተ ታውቀዋለህ። እንጻፈው።"

"እኔ የጨዋታ ሕግ?"

"ሁለት ጣቷ ለተጠጋጋ ሰልፍ ትሁን። ለብትን ሌላ ሕግ ይኑረው። አንተ ንገረኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።"

ነሐሴን በዚህ ጨረሱት። ባየልኝ ሲናገር ዝግ ብሎ ነው፣ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው። የጓድ መሪው ተበተኑ ካለ በኋላ ሁለት ጣት መለካት ይቀራል። የተበተነ ጓድ ላይ የሚተኮስ ጥይት ግማሹ መሬት ይመታል። የተበተነ ጓድ ግን ተባብሮ አይተኩስም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ነው። መሪው ከመበተኑ በፊት የመሰብሰቢያ ቦታ ማሳየት አለበት፤ ካላሳየ ትዕዛዙ አይቆጠርም። እዚህ ድረስ ተስማሙ። የተጣሉት መሰብሰቡ ላይ ነው።

"ለእያንዳንዱ ወታደር ጠጠር ይጣልለት" አለ አብዱረሕማን። "ሦስትና ከሦስት በላይ ካለ ደረሰ።"

"በዛ። ከጠጠሯ ስድስት ጎን አራቱን ሰጠኸው። ከአስር አራት ናቸው የደረሱት።"

"አስር አለቃ፣ ሕግ ከአንድ ቀን ላይ አይቀዳም። ያ ቀን መጥፎ ቀን ሊሆን ይችላል።"

"ሌላ ቀን አላየሁማ።"

ብዙ ተከራክረው "አራትና ከዚያ በላይ" ላይ ቆሙ፤ ግማሽ በግማሽ። ያልደረሰውስ ምን ይሁን? አብዱረሕማን ይነሳ አለ። ባየልኝ በዚህች አልተበገረም። "አይነሳም። ባለበት ይቆያል። ጨዋታው እስኪያልቅ በየተራው ጠጠሩን ይጣልለት። ካልደረሰም 'ያልደረሰ' ተብሎ ይጻፍ፤ የሞተ አይባልም።" አብዱረሕማን እንዳለው ጻፈው።

ከዚያ ሞከሩት። ባየልኝ አስራ አንድ ወታደር ቆጥሮ ከጆንያው ሜዳ ላይ አቆመ፤ ጉብታውን፣ ወንዙን፣ ሾላ ትሁን ብሎ ያቆማትን የበርበሬ እንጨት ራሱ አስተካከለ። መጀመሪያ በተጠጋጋ ሰልፍ፣ በሁለት ጣት፣ አስኬዳቸው። በሦስተኛው ተራ ስምንት ወደቁ። ደግመው ሞከሩ፤ ዘጠኝ። ቀጥሎ ተበተኑ አለ። ሦስት ደረሱ። ደገመ፤ ሰባት። ደገመ፤ አምስት። አንድ ጊዜ አስሩም ደረሱ፤ ያን ጊዜ ባየልኝ ጠጠሯን አንስቶ አገላብጦ አያት፣ የተበላሸች ይመስል። ከምሳ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ደጋገሙት። አብዱረሕማን ደብተሩ ዳር ላይ ውጤቱን በእርሳስ ጭረት ያሰፍራል።

"በተጠጋጋ ከሄዱ ከሦስት ሰው በላይ አንድ ጊዜም አልደረሰም" አለ በመጨረሻ። "ትዕዛዝህ ልክ ነበር ማለት ነው።"

ባየልኝ ቀለል ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። አልቀለለውም። ሸክም ያወረደ ሰው ትከሻው ሲያመው እንደሚታወቀው፣ ድካሙ ገና አሁን ተሰማው።

"ልክ ነበር" አለ። "እሱንማ ሳላውቅ የቀረሁ አይመስለኝም። አልሄድኩም እንጂ።"

"የት?"

"ሳንጃ።"

መስከረምና ጥቅምት መጋዘኑ ሥራ በዛበት፤ ሰሊጥ ገባ፣ ጆንያ ተከመረ፣ ጠያቂም ተጠያቂም ጠፋ። መንገዱም ተዘግቶ ከረመ። ኅዳር ላይ ሲከፈት ለፍቅርአዲስ ሁሉንም ነገራት። እሷ ድስቱን ከእሳት አውርዳ አዳመጠችው። "እንግዲህ ሸሚዝህን ልጠብልህ" ነው ያለችው።

በገንዳ ውኃ፣ በጭልጋ አድርጎ ጎንደር አደረ፣ በማግስቱ ሳንጃ ገባ። አውቶቡሱ ውስጥ ወገቡ እንደ ድንጋይ ደረቀ። አሰበችን ለማግኘት የጠየቀው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ከተማው ጫፍ ላይ፣ የአጥር በሯ ክፍት የሆነ፣ አውድማ ላይ ማሽላ የምታበጥር፣ ሰባ የተጠጋች ሴት ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራለች።

"እንደምን ዋሉ፣ እትዬ አሰበች። ባየልኝ እባላለሁ፣ ከመተማ ነው የመጣሁ። አዱኛን አውቀው ነበር፤ አንድ ላይ ወታደር ነበርን።"

ሰፌዱ እጇ ላይ ቆመ። "የት አለ?" አለች።

የት ሞተ አላለችም። ሠላሳ ሁለት ዓመት አልፎ "የት አለ" ነው ያለችው። ባየልኝ የሚቀመጥበት ነገር ፈለገ፣ አጣ፤ ቆሞ ነገራት። ሜዳውን፣ ተኩሱን፣ "ተበተኑ" ማለቱን፣ እስከ ማግስቱ ቀትር መጠበቁን። አላሳጠረም፣ አላስረዘመም። አሰበች መሬት መሬቱን እያየች ሰማችው።

"ጫማውስ?" አለች ሲጨርስ። "ጫማው ይጠበኛል ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ሌላ ሰጡት?"

ለዚህ አልተዘጋጀም። ቆይቶ ግን መጣለት። "አልሰጡትም። ጫፉን እኔ በጩቤ ቆረጥኩለት፣ ጣቱ እንዲወጣ። ከዚያ ወዲያ አላነከሰም። ጣቱ ከጫማው እየታየ ሲሄድ ያስቀን ነበር።"

የአሰበች ፊት ተሰበሰበ፤ መሳቋ ይሁን ማልቀሷ አልለይ አለ። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ከዚያ "ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ?" አለችው።

ሊዋሻት ይችል ነበር። "ሱዳን ነበርኩ" ቢላት ታምነው ነበር። "አብደራፊ" አለ። "ትራክተር እነዳ ነበር። ሰባት ክረምት በዚህ አልፌአለሁ።"

"በዚህ? በዚህ በደጄ?"

"በዋናው መንገድ።"

"ሰባት ክረምት!" ሰፌዱን ወረወረችው፤ ማሽላው አውድማው ላይ ተበተነ። "እኔ የወታደር ልብስ የለበሰውን ሁሉ እያስቆምኩ ስጠይቅ! ሱዳን ለሚሄድ ሁሉ ስሙን በወረቀት እያስጻፍኩ ስሰድ! ሰባት ክረምት ፊትህን አዙረህ አለፍከኝ? ውጣ! ውጣልኝ ከደጄ!"

ባየልኝ ወጣ። የአጥሩን በር አልፎ ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደ ከኋላው ድምፅዋን ሰማ፤ ንዴቱ አልወጣለትም፣ ግን ሌላ ነገር ጨምሯል።

"ና! ሳትበላማ አትሄድም። የአዱኛ ባልንጀራ ከደጄ ጾሙን ተመለሰ ይበሉኝ?"

በላ። ሽሮውን አቅርባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ የልቧን አወጣች። ተዝካሩን አላወጣችለትም። ጎረቤት ለምኗታል፣ ዘመድ ተቆጥቷታል፤ ያልሞተ ሰው ተዝካር አላወጣም ብላ እንቢ ስትል ኖራለች። አሁን ጉልበቷ እያለቀ ነው። እሷ ከሄደች የሚያስበው የለውም። "ሞቷል ብለህ በቄሱ ፊት መስክርልኝ" አለችው።

"አላየሁማ፣ እትዬ። ያላየሁትን ሞተ ማለት አልችልም።"

"እንግዲያ ያየኸውን ተናገር። እስከ መቼ እንደጠበቅከው፣ ከዚያ ወዲህ ያየው እንደሌለ። ቀሪውን ለእግዜር ተወው።"

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አብረው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የንስሐ አባቷ ሽማግሌ ናቸው፤ ጆሯቸውን ወደ ባየልኝ አዘንብለው ሰሙት። "ስንት ሰዓት ጠበቅህ?" ብለው ጠየቁት። "ከጠዋት እስከ ማግስቱ ቀትር" አላቸው። "ሌሎቹስ አምስቱ፣ ወገን አላቸው?" ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራ፤ አንዱንም አልዘነጋም። የሁለቱን አገር ግን አያውቅም። ቄሱ ስሞቹን በሙሉ አጻፉ። "አብረን እናስባቸዋለን" አሉ።

ተዝካሩ ጥር ላይ ወጣ። ባየልኝ ከፍቅርአዲስ ጋር ሄደ፤ አብዱረሕማን መንገዱ አስፈርቶት ቀረ፣ ግን ሙባረካ ከሱቋ ሁለት ከረጢት ስኳር ላከች። ዳስ ተጥሏል፣ የሳንጃ ሰው መጥቷል። አሰበች ባየልኝን ከዘመድ መደዳ አስቀመጠችው፤ ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላለችውም። ስድስቱ ስም ሲነበብ አጎንብሶ ሰማ፤ የአዱኛ ስም ሲጠራ ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ ተነሳና ወዲያው ታፈነ። ፍቅርአዲስ የአሰበችን እጅ ይዛ አብራት አለቀሰች፤ ስታለቅስም ባሏን አንድ ጊዜ አየችው። ለምን አልነገርከኝም የምትል ዓይን ናት። እሷንም ገና አልመለሰላትም።

አሁን አሰበች በየአስራ አምስት ቀኑ ትደውልለታለች። ብዙ የሚያወሩት የላቸውም። ዝናብ ጣለ? ትለዋለች። አልጣለም ይላታል። ጉልበቴ እምቢ አለኝ ትለዋለች፣ ወገቤም እንደዚያው ይላታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከየት እንዳመጣችው ሳይታወቅ "ጥርሱ ነጭ ነበር አይደል?" ብላ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ያስታውስ እንደሆነ ለማወቅ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል፣ እሷም ስልኩን ሳትዘጋ ትጠብቀዋለች።